በቪዲዮ የሞላው ገንዳ

የከተማችን ውሃ ጽሕፈት ቤት ከውሃ በስተቀር የጎደለው ነገር የለም። ራዕይ አለው፤ ተልዕኮ አለው፤ ሁለቱም በመስታወት ተከድነው በሩ ላይ ተሰቅለዋል። በቅርቡ ደግሞ ውሃ የሚሠራ ፕለግኢን አስገብቷል። ፕለግኢን በቪዲዮ ማቀናበሪያው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ደረቅ ድንጋይ ቢሰጡት ፏፏቴ አድርጎ ይመልሳል።

የጉድጓዱ ፓምፕ ከተቃጠለ አራት ወሩ ነው። ጋሽ ቡሎን የምንላቸው የፓምፕ ጥገና ሠራተኛችን አዲስ እንዲላክ ሰባት ጊዜ ጽፈዋል። ልጃቸው መንታ ወልዳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኝታለች፤ እሳቸው በየማለዳው አራት ጀሪካን እየተሸከሙ ደረጃውን ይወጣሉ። በስምንተኛው ደብዳቤ ዋናው መሥሪያ ቤት ልቡ ራራ፤ “ያላችሁበትን ሁኔታ በቪዲዮ አሳዩንና ፓምፑን እንልካለን” አለ።

ሥራ አስኪያጃችን የተቀረጸውን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ፓምፑ የሚሞላው ገንዳ ነው” አለች ቪዲዮ አቀናባሪያችን።

“ባዶ ነዋ።”

“ባይሆንማ ፓምፕ ምን ያደርግልን ነበር?” አሉ ጋሽ ቡሎን።

“ጋሽ ቡሎን፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? ገመናውን አደባባይ አስጥቶ የሚለምን መሥሪያ ቤት የት አይተዋል? ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ውሃ ጣል አድርጊበት። ለዓይን ያህል።”

ለዓይን ያህል ጣል አደረገችበት። ሞገድ ያንሰዋል ተባለ፤ ሞገድ ተጨመረ። አረፋ ተጠየቀ፤ አረፋም ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ ጽሕፈት ቤታችን ታይቶ በማይታወቅ የሥራ መንፈስ ተጥለቀለቀ። በመጨረሻው ቅጂ ውሃው ግድግዳውን አልፎ ወደ መንገዱ ሲወርድ አየሁ፤ እኔ ራሴ እጄን ልታጠብ ቃጣኝ። ባዶው ገንዳ ውስጥ ፀሐይ ትሞቅ የነበረች አንዲት እንሽላሊት ብቻ ሳትጠፋ ቀርታ፣ ማዕበሉ መሀል ተዘርግታ ትታያለች።

“ዋናተኛ ናት” አሉ ሥራ አስኪያጁ። ቪዲዮው ተላከ።

“ገንዳችን ሞልቶ እየፈሰሰ ፓምፕ ስጡን ስንል ምን ይሉናል?” ብለው ጋሽ ቡሎን ጠየቁ።

“ትጋታችንን ያያሉ።”

አዩ። መልሱ ባለፈው ሰኞ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አነበቡልን፦ “የላካችሁትን ቪዲዮ በጥልቅ ሥጋት ተመልክተነዋል። ከደረሰባችሁ የጎርፍ አደጋ አንጻር፣ ፓምፑ ውሃ ለቸገራት ጎረቤት ከተማ እንዲሰጥ ተወስኗል። ለእናንተ መቶ የሕይወት አድን ጃኬት በአስቸኳይ ተልኳል።”

ጎረቤቶቻችን የላኩት በስልክ የተቀረጸ ደረቅ ጉድጓድ ነበር አሉ። ምስኪኖች፣ ፕለግኢን እንኳ የላቸውም።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጠፉት።

“አያችሁ?” አሉ። “አመኑን።”

ጃኬቶቹ ብርቱካንማ ናቸው፤ ፊሽካም አላቸው። ጋሽ ቡሎን አንዱን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩትና ሁለት ወሰዱ።

“ጋሼ፣ ሁለት ምን ያደርግልዎታል?” አለቻቸው አቀናባሪዋ፣ ዓይናቸውን ለማየት እየፈራች።

“ለግራና ለቀኝ ትከሻዬ። ስፖንጁ ወፍራም ነው፤ ጀሪካኑ አይቆረቁረኝም።”

በዓመታዊ ሪፖርታችን “በዘመኑ በውሃ የተጎዳ አንድም ነዋሪ የለም” ተብሎ ሰፍሯል። ከሪፖርቱ ሁሉ ቃል በቃል እውነት የሆነው ይህ ነው።