ፕሮፌሰሩ የቀበሩት ሩዝ

ያነበበውን ለብቻው መያዝ የማይችል ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። ለወተት ሻጯ የደረሷት ጡረተኛ የትራክተር ሾፌር ናቸው። ስለ ከብት መኖ ያላነበቡት ስለሌለ ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ክቡርነታቸው ሰላም ሲሏት እንኳ ከልጆቿ በፊት ላሟ ደህና ማመስኳቷን ይጠይቃሉ። ፀጉር ቤት ከገቡ ፀጉር አስተካካዩ የላምን የሆድ ክፍሎች በየተራ ሳይማር አይወጡም። ወተት ሻጯ ድምፃቸውን ስትሰማ በጓሮ በር ሹልክ ማለት ለምዳለች።

ዘንድሮ ግን ሰዉ ሁሉ «አሁንስ ለየላቸው» አለ። የሩዝ ማሳቸውን ፍሬው ሳይጠነክር፣ ገና ከነልምላሜው አጨዱት። ከነዛላው ከታትፈው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፣ በትራክተር ደጋግመው ረገጡት፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነው አሮጌ ጎማ ጫኑበት። ሚስታቸው እህል ተቀበረ ብላ ዘመድ ሰብስባ ልታስመክራቸው ሞከረች። መካሪዎቹ ሳይሌጅ የሚባለው የጉድጓድ መኖ እንዴት እንደሚብላላ ተምረው ተመለሱ።

በጋው ሲከር የወተት ሻጯ ድርቆሽ አለቀ። ላሟ ከጭድ ላይ ፊቷን አዞረች፤ ጎኗ ገባ፣ ወተቷ ጠብታ ሆነ። ወተት ሻጯ ከጥጃነቷ ያሳደገቻትን ላም ለባለሥጋ ቤቱ ልትሸጥ ቃል ገባች። ሊወስዳት ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ፕሮፌሰሩ ገንዳ ሙሉ ሳይሌጅ እየጎተቱ መጡ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በስብሷል» አለች፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ።

«ኮምጥጦ ነው እንጂ አልበሰበሰም። እኔንም አትመኚኝ፣ ላሟን ጠይቂያት።»

ላሟ አሸተተችና አንገቷን መለሰች። ከዚያ ላሟ በምላሷ ጫፍ ቀመሰች፤ ደገመች፤ ገንዳውን እስኪያብረቀርቅ ላሰችው። ጋደም ብላ ስታመሰኳ ወተት ሻጯ እንባዋ መጣ። በማግስቱ የመጣው ባለሥጋ ቤት ባዶ ገመዱን ይዞ ተመለሰ።

ፕሮፌሰሩም ያን ዕለት መጥተው እበቷን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ያልተፈጨ ፍሬ ሲያገኙ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ፈነደቁ፤ አጨዳው ትንሽ ዘግይቷል ማለት ነው፣ ለከርሞ ቀደም ይላሉ። የላሟ ጎን ሲሞላ የወተቱ ባልዲም ሞላ።

ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ ጆንያ ጆንያውን ይዞ ጉድጓዱ ዳር ተኮለኮለ። ፕሮፌሰሩ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ጉባኤ ነበር። ምን ያደርጋል፣ በጉንፋን ድምፃቸው ተዘግቷል። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሰዉ መሳቅ ሲጀምር ወተት ሻጯ አላስችላት አለ። ጎማ ላይ ወጥታ ስትሸሸው የኖረችውን ትምህርት፣ የሩዙን አበቃቀል፣ አጨዳውን፣ በትራክተር አረጋገጡን፣ ለላሟ የሰጠውን ጉልበት አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ማንም አልሳቀም። ጎረቤቶቿ አፋቸውን ከፍተው ሰሟት።

ፕሮፌሰሩ ቀሚሷን ሳብ አድርገው በሹክሹክታ፣ «ፕሮቲኑ ትንሽ መሆኑን ዘለልሽው። የኑግ ፋጉሎ ይጨመርበት በያቸው» አሏት።

«ፕሮፌሰራችን ደግሞ» አለች፣ ጮክ ብላ፣ «ፋጉሎ ካልጨመራችሁበት ከዚህ ግቢ አንድ ዛላ አይወጣም ብለዋል።»