ሁለት ጸሎተኞች የጠበቋት ዛፍ

የሰው ደግነት ልክ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ በሽተኛ ይድን ነበር። ታሞ የተኛ ሰው ያየ ሁሉ «ብላ እንጂ! ጠጣ እንጂ!» ነው የሚለው። «ተዉት፣ ይረፍበት» የሚል ጠያቂ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ይህን የተማርኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ እዚያ ብዙም አልቆየሁም። ከዛፍ ነው።

አሶሳ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ እጠብቃለሁ። ግቢያችን ያረፈች ሰላም የምትባል የግድቡ መሐንዲስ አንዲት ዛፍ ነበረቻት። ዛፍ ስላችሁ ማንጎ እንዳይመስላችሁ። ዝርግ የሸክላ ሳህን ላይ የተተከለች፣ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ፣ ግንዷ ግን የሽማግሌ የሆነ ጉድ ናት። ዛፏ አዛሊያ፣ እንዲህ አሳጥሮ ማሳደጉ ደግሞ ቦንሳይ ይባላል አለችኝ። ያሳደጓት ሟች እናቷ ናቸው። ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ መንገዱ ይጎዳታል ብላ ለእኔና ለአደም ተወችልን። «ጋሼ መኮንን፣ አደራ፤ ከእማዬ የቀረችኝ እሷ ናት» አለችኝ። አደም አብሮኝ የሚጠብቅ የዚሁ አገር ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን በኋላ ነው የለመደው።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሏ ከጫፉ ቡናማ ሆነ። መቼም ዘበኛ ሁሉ ሐኪም ነው። እኔ ፀሐይ ነው ብዬ ወደ ጥላ ወሰድኳት። አደም ምስጥ ነው ብሎ ግንዷን ፈተሸ፤ ምስጥ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው «ዓይን ነው! እንዲህ ያለች ቆንጆ ደጅ ታድራለች?» አሉን። ቅጠሉ መርገፉን አልተወም። የሟች አደራ እጃችን ላይ ልትሞት ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አደም ለሶላት ታጥቦ ሲያበቃ፣ በኢብሪቁ፣ በመታጠቢያ ማንቆርቆሪያው፣ የተረፈውን ውሃ ዛፏ ላይ ሲያንቆረቁር ደረስኩበት። ምን እያደረግህ ነው ብለው፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ መስኪን ነው። የሶላት ውሃ ከሚደፋ እሷ ይጠጣ» አለኝ። በየሶላቱ? በየሶላቱ። አምስቱንም? አምስቱንም! ልቆጣ አፌን ስከፍት የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። እኔም በየማለዳው አባታችን ሆይ እየደገምኩ ጸበል ሳጠጣት ነው የከረምኩት፤ ቅጠሏ በደረቀ ቁጥር ደግሞ እየጨመርኩ። ነገርኩት። «ታዲያ እኔን ብቻ ለምን ትጮኻለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሳህኑን ብናነሳው ውሃው ተንጠባጠበ። አፈሩ ይሸታል፤ ሥሯ ግማሹ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት ይላላጣል። ለካስ በረሃ ላይ ያለች የመሰለችን ባሕር ውስጥ ኖራለች! ጸበሉም ኢብሪቁም ጥፋት የለባቸውም፤ በቃ ማለት ያላወቅን እኛ ነን።

የበሰበሰውን ሥር በመቀስ ቆርጠን አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ቀየርንላት። ከዚያ ከባዱ ሕክምና መጣ፤ እጅን መሰብሰብ። አፈሩ በጣት ተነክቶ ደረቅ ካልሆነ ማንም ጠብታ ላያፈስ፣ እሱ በአላህ እኔ በእመብርሃን ተማማልን። ጸሎት ከሩቅ ሆነ። አደም ኢብሪቁን ይዞ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ እኔም ጸበሌን ራሴ ጠጣሁት። እኔ እሱን እጠብቃለሁ፣ እሱ እኔን ይጠብቃል፤ ግቢውን ማን እንደጠበቀው እግዜር ይወቅ።

ሰላም ስትመለስ ዛፏ አዲስ ቅጠል አቆጥቁጣ ጠበቀቻት። ሳህኑን አቅፋ አለቀሰች። «ምን አደረጋችሁላት?» ስትለን እኔና አደም ተያየን። ያዳናት እጅ መሰብሰባችን ነው፤ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው።

«ምንም» አልናት።

ዛፏን አዟዙራ አየቻትና ቅር ብሏት፣ «ምንም ሳታደርጉላት እንዲህ ካማረባት፣ ብትንከባከቧት ኖሮማ የት በደረሰች!» አለችን።