የጋሼ ዘውዴ ሞባይል ቤት

ቤት ገዛሁ ብሎ የሚያስደነግጥ ዘመድ የሌለው አለ? የእኔው አጎቴ ጋሼ ዘውዴ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ «ሐይቅ ዳር ሞባይል ቤት ገዛሁ» ብለው ደወሉልኝ። ዳቦ ቤት ዳቦ ይሸጣል፤ ሞባይል ቤትም ስልክ ቢሸጥ ነው ብዬ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኬን ይዤ ከቶሮንቶ ነዳሁ።

ስደርስ ቤቱ ሥር ጎማ አየሁና ክው አልኩ፤ «ሞባይል» ያሉት ስልክ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ማለታቸው ኖሯል። ሰው በስተርጅናው ጎማ ላይ ይተኛል?

«ነፋስ ወደ ሐይቁ ቢገፋዎትስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሰፈሩ ድሮ የድንኳን ካምፕ ነበር። ኋላ እነዚህ ቤቶች በመኪና እየተጎተቱ መጡ። ከዚያ ወዲህ አንዱም ንቅንቅ አላለም» አሉኝ። «አንተስ? ካናዳ ከገባህ ስንቴ ሙቭ አደረግክ?»

የተከራየሁባቸውን የቶሮንቶ ሰፈሮች ቆጠርኩ። ሴንት ጄምስ ታውን ሁለቴ፣ ክሬሰንት ታውን ሦስቴ፣ አሁን ደግሞ ስካርቦሮ ቤዝመንት ውስጥ ነኝ።

እንደገና ክው አልኩ። ለካስ ሞባይሉ እኔ ነኝ።