የአቶ ታምሩን ልብ በውክልና ስለ ማዳን

ታላቅ ልብ የብዙኃን ነው። በሚዛን ተፈሪ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት የአቶ ታምሩ ልብም ባለፈው መስከረም ተመርምሮ በቅቤና በጨው መጨናነቁ ሲታወቅ፣ ጉዳዩ የግል ሆኖ እንዳይቀር ተደረገ።

ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ማርዋ የነገረቻቸው በአጭሩ ነበር።

"ቅቤና ቁርጥ ይተዉ፤ ጨው ይቀንሱ። ጎመን፣ ባቄላ፣ አቮካዶ፣ ነጭ ሽንኩርት ይብሉ። በቀን አንድ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ። አለዚያ ይህ ልብ ለፋሲካ እንዳያደርስዎት እሰጋለሁ።"

አቶ ታምሩ ደነገጡ፤ ድንጋጤያቸውንም በሥርዓቱ ወደ አጀንዳ ለወጡት። ብልህ መሪ ሁሉን እኔ ልሥራው አይልምና በማግስቱ የሐኪሟ ምክር ለየክፍሉ ተደለደለ። ጎመኑ ለፋይናንስ፣ ባቄላው ለግዥ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ለመዝገብ ቤት፤ አቮካዶ በየጓሮው ወድቆ ስለሚገኝ ለጥበቃዎች። የእግር ጉዞው ለሹፌሩ ለከድር ደረሰው።

የመዝገብ ቤቷ የምሥራች እጇን አወጣች።

"ይቅርታ አቶ ታምሩ፣ ሽንኩርቱን እኔ በልቼው ለእርስዎ በምን ይደርሳል?"

"ፈቃድ ስወጣ ማን ነው የሚፈርምልኝ?"

"ምክትልዎ።"

"ፊርማው ይሠራል አይሠራም?"

"ይሠራል።"

"ታዲያ ሽንኩርት ከፊርማ ይበልጣል?"

የምሥራች ተቀመጠች። ቃለ ጉባኤው "ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቶበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ይላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከድር ማለዳ ማለዳ በእግሩ ሲገሰግስ፣ አቶ ታምሩ መኪናውን ራሳቸው እየነዱ ከኋላው ይከታተሉታል።

"ጋሼ፣ እስካሁን አላላብዎትም?" ይላል ከድር ዞር ብሎ።

"ገና ነኝ። እስቲ ያችን ዳገት ውጣልኝ።"

ክትትል ያደክማልና ከዚያ ሥጋ ቤት ገብተው ቁርጣቸውን በአዋዜ ይበላሉ። ሁዳዴ ሲገባ ጾሙንም ለምክትላቸው ሊያስተላልፉ አስበው ነበር፤ ሰውየው ፕሮቴስታንት ሆነው ተገኙና ቀረ። የስድስት ወሩ አፈጻጸም ግን መቶ አራት በመቶ ነው። ትርፉ አራት በመቶ፣ ጥበቃዎቹ በራሳቸው ተነሣሽነት የበሉት አቮካዶ ነው።

በመጋቢት ዶክተር ማርዋ መጥታ ሁሉንም ለካች። የምሥራች ግፊት ልክ ገብቷል። የከድር ልብ የጎረምሳ ልብ ሆኗል። አቶ ታምሩ ዘንድ ስትደርስ የመለኪያውን መሣሪያ ሁለት ጊዜ ቀየረች።

"ለመሆኑ ምን ሲበሉ ነው የከረሙት?"

"ሪፖርቱ አልደረሰሽም?"

"አቶ ታምሩ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይተኛሉ።"

አቶ ታምሩ ሠራተኞቻቸውን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉም ሸንቀጥ፣ ወዛ ብለዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠላቸው። ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ደብዳቤ አስጻፉ፦ "ለኃላፊው የተመደበውን ጤና ያለ ፈቃድ ለግል ጥቅም ያዋላችሁ ሠራተኞች በሦስት ቀን ውስጥ ተመላሽ እንድታደርጉ በጥብቅ እናሳስባለን።"

ከድር ደብዳቤውን ሊቀበል ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ሆስፒታል ደረሰ። አላለከለከም። ይህም በማስረጃነት ተመዘገበበት።