ዋስ ያጣው የሰሊጥ ድረ ገጽ

በእኛ ቆላ ሰው ሰው የሚሆነው ሌላ ሰው «አውቀዋለሁ» ሲልለት ነው። እናንተ ደገኞች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ እናንተ ዘንድ ሰው ከነቅድመ አያቱ አጥር ለአጥር ተያይዞ ስለሚኖር ማን ማንን ይጠይቃል? እኛ ግን ሁላችንም መጤ ነን፤ ልዩነታችን የመጣንበት ዓመት ብቻ ነው። የሰሊጥ አረም ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ ከተማችን ገንዳ ውሃ ላይ ይራገፋል። ባለእርሻው ወርዶ «ምን ትችላለህ?» አይልም። ክንዱንም አያይም። «ማን ያውቅሃል?» ነው የሚለው። አንድ የታወቀ ሰው ከዳር ሆኖ «እኔ አውቀዋለሁ» ካለ አለቀ፤ ሥራም፣ ማደሪያም፣ እህልም ተገኘ። የሚያውቀው የሌለ ግን ጉልበቱ የሶምሶን ቢሆን እንኳ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ፀሐይዋን ሲያይ ይውላል።

ይህ የእኛ የበረሃ ሰዎች ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኢንተርኔት የሚሉትም በዚሁ ሕግ እንደሚተዳደር ያስረዳችኝ ልጄ ውባለም ናት።

ውባለም ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ በማዕረግ ተመረቀች። ሥራም «ማን ያውቅሻል?» አላት። ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ የእኔንና የጎረቤቶቼን ሰሊጥ ለሩቅ ገዢ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሠራች። «እማዬ፣ እስከ አጨዳ አንድ ገዢ ካላገኘን ፓስፖርት አወጣለሁ» አለችኝ። ፓስፖርት ማለት ዐረብ አገር ማለት ነው። ዐረብ አገር ማለት ደግሞ… ተዉት፤ ወልዶ ያሳደገ ያውቀዋል።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሰሊጥን ግን አውቃለሁ። እየነገርኳት ጻፈች። የታጨደው ነዶ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዴት እንደሚቆም፣ ያንን ክምር ሂላ እንደምንለው፣ ሳይደርስ ቢራገፍ ፍሬው እንደሚጨማደድ፣ ቢዘገይ ደግሞ ነፋስ አራግፎ ለመሬት እንደሚያበላው። እጄን ነዶው ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሳችው። አውራ ጣቴ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ። «ይሄ እጅ ከስንት ማስታወቂያ ይበልጣል!» አለች።

ገጹ አማረ። የሚያየው ግን ጠፋ። «የመተማ ሰሊጥ» ብሎ የሚፈልግ ሰው እኛን የሚያገኘው አራተኛው ገጽ ድረስ ከወረደ ነው። እስከዚያ የሚወርድ ማን አለ? እናንተስ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ?

«ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ዋስ» አለችኝ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። የፍለጋው ማሽን ሰሊጥ አይቀምስም። የጻፍሽውን ያነባል፤ ግን ከሚያነበው ይልቅ የሚያምነው ሌሎች ገጾች ወደ አንቺ መጠቆማቸውን ነው፤ «እነሱን ሄዳችሁ እዩ» ብለው ሲጫኑት አንቺ ደጅ የሚያደርስ ማያያዣ ማስቀመጣቸውን። የጠቆመው ትልቅና የተከበረ ከሆነ አንቺም ወደ ላይ ትወጫለሽ። ላለው ይጨመርለታል የሚለው ቃል እዚህ እንዲህ ይፈጸማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ምስክር ከሆነማ ሞልቶኛል አልኩ። አሥራ ሁለቱን የሚካኤል ማኅበርተኞቼን ለመንኩ፤ ልጆቻቸው የየራሳቸውን ገጽ ከፍተው ወደ ውባለም ጠቆሙ፣ ውባለምም እንዳይቀየሙ ወደ እነሱ ጠቆመች። በሳምንቱ ብናይ ገጻችን አራተኛ የነበረው ስድስተኛ ላይ ወርዷል። ልጄ ሳቀች፤ የዓይኗ ጫፍ ግን አልሳቀም። «እማዬ፣ እርስ በርሱ የሚመሰካከር ዘመድ ፍርድ ቤትም አይሰማው! የእኛ ሰው መቶ ቢሆን አንድ የእነሱን አያህልም።»

የእነሱ ስትል ገንዳ ውሃ ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ሰሊጥ ላኪ ድርጅት ማለቷ ነው። ገጹ በዓለም የታወቀ ነው አለች። የቅርንጫፉን ኃላፊ ይርጋን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

አውቀዋለሁ ስል፣ እንዴት መሰላችሁ። ድሮ ኮኪት በሚባል ቀበሌ እርሻ ላይ ለሠራተኛ ወጥ ስሠራ ከአይሱዙ ወርዶ ጥላ ሥር የቀረ አንድ ጎጃሜ አየሁ። ብርድ ልብሱን አቅፎ «እባካችሁ» እንኳ ማለት ያፍራል። ባለእርሻው «ማን ያውቅሃል?» ሲለው አንገቱን ደፋ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቀረብ ብዬ «እኔ አውቀዋለሁ፤ የእናቴ አገር ሰው ነው» አልኩ። ከዚያች ቀን በፊት በዓይኔም አላየሁት። ለዚያች ውሸት የነፍስ አባቴ አርባ ስግደት ሰጥተውኝ ሰግጃለሁ። ይርጋ ግን ከአረም ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ቢሮ ወጣ።

ስንሄድ ተነስቶ ተቀበለን። «እትዬ ዘነቡ! እርስዎ ባይኖሩ እኔ የት ነበርኩ!» አለ። ጽሑፉንና ፎቶውን ላኩልኝ፣ በገጻችን ላይ እናንተን የሚጠቁም ማያያዣ አስደርጋለሁ አለ። ልጄ ከቢሮው እስከ ባጃጁ ስትዘል ወጣች።

በወሩ ጽሑፉ በእነሱ ገጽ ላይ ወጣ። ቃል በቃል የእኛ ነው። ማያያዣ ግን የለውም፤ ስምም የለውም። እጄም አለ፤ ከነጠባሳው፣ ከአንጓው ላይ ተቆርጦ፣ ሥሩ «የድርጅታችን ልምድ» የሚል ተጽፎበታል። ማሽኑም ሁለቱን ጽሑፍ አስተያየ፤ አንዱ ዋስ የሞላው፣ አንዱ ዋስ የሌለው። የቀዳችው ይቺ ዋስ የሌላት ናት ብሎ ፈረደና የእነሱን ከላይ ሰቅሎ የእኛን ከነጭራሹ አጠፋው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ወደ ቢሮው ተመለስን። ይርጋ ዘንድ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ አለቃው ተቀምጠዋል። ሴት ናቸው፤ ደስ አለኝ፣ የሴት ነገር ይገባቸዋል ብዬ። ልጄ በእርጋታ አስረዳች። «አንድ መስመር ብቻ ነው የምንለምነው፤ ከየት እንዳገኛችሁት የሚጠቁም።»

ሴትዮዋ ስልካቸውን ነካ ነካ አድርገው ፈለጉ። «እኔ የማገኘው የእኛን ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ይርጋ ዞሩ። «ለመሆኑ ታውቃቸዋለህ?»

እኔም አየሁት። ይርጋ አንገቱን ደፋ፤ ያንኑ አደፋፍ። «የገበያ ሰዎች ናቸው መሰለኝ… አላውቃቸውም» አለ።

እጄን ብቻ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን አኖርኩት፤ ጠባሳው ፎቶው ላይ ካለው ጠባሳ ትይዩ። ሴትዮዋ ወረቀታቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ውባለም ሂላው ሳይራገፍ ሄደች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ እኔም እንዳመንኩ አደርጋለሁ። የነፍስ አባቴን «አባ፣ አውቀዋለሁ ላለ ውሸታም አርባ ከሆነ፣ አላውቃትም ላለውስ ስንት ነው?» አልኳቸው። «ያ የእሱ ነው፤ አንቺ የራስሽን ስገጂ» አሉኝ።

ዘንድሮም አረም ደረሰና አይሱዙው ተራገፈ። አንድ የወሎ ሰው ብርድ ልብሱን አቅፎ ቀረ። «ማን ያውቅሃል?» አለው ባለእርሻው። ሰውየው ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ፊቴን ላዞር ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ጀምሬም ነበር።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ።

አርባውን ጉልበቴ ለምዶታል። ብቻ አምላኬ ሆይ፣ ይሄኛውን ቢሮ አታግባብኝ።