ሰማይ ላይ ለቀረው ሰው የተሳልነው ስለት

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። ይበሉ! እኔ ግን ከሩቅም የራቀ ዘመድ ነበረኝ፤ ሰማይ ላይ የቀረ። አትሳቁ እንጂ! ሰው ለማያውቀው ሰው አንጀቱ ከተላወሰ ምን ይደረግ? አንጀት እንደሆነ ፊደል አልቆጠረ፤ እኔም አልቆጠርኩ።

ነገሩ ንጉሡ ሳይወርዱ ነው። እዚሁ ኮልፌ፣ የጎረቤቴ የዘይነባ ባል፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ቴሌቪዥን ገዛ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመሽ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሷ ምንጣፍ ላይ ነው። የምናየው በመንኮራኩር ሲሄድ መንገድ የጠፋበት አንድ ሰው ነበር፤ ከኮከብ ኮከብ እየተንከራተተ አገሩን ይፈልጋል። ፈረንጅኛውን አንሰማም። ግን ሊተኛ ሲል ከደረት ኪሱ የእናቱን ፎቶግራፍ አውጥቶ ያያል። ይኼ ደግሞ ምን አስተርጓሚ ያሻዋል?

ተሳልንለት። እኔ ለቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ጥላ፣ ዘይነባ በግ አርዳ ሰደቃ ልታወጣ። ብቻ ቤቱ ይግባ!

አንድ ቅዳሜ መንኮራኩሩ እሳት ተነሣበት፤ ሰውየው በጢስ ተሸፈነ፤ የዕለቱ ፊልምም እዚያው ላይ አለቀ። በሳምንቱ በእሱ ቦታ ስለ ሰብል ተባይ የሚያስረዳ ሰውዬ ቀረበ። በሌላውም ሳምንት ያው ተባይ። የዘይነባ ባል «የፈረንጅ ተረት ነው እኮ!» ብሎ ሳቀብን።

«ተረትስ ቢሆን!» አለችው ዘይነባ። «አያቴ ተረት ስትነግረን ጅቡን ገደል አፋፍ ላይ ትታው ተኝታ አታውቅም!»

እኔማ ጥላውን አስቀድሜ ገዝቼዋለሁ። እንዳልሰጥ ሰውየው አልገባ፣ እንዳልተወው ስለት ነው። ሰኞ ጠዋት እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሷ ሻሿን አጥብቃ፣ በአውቶቡስ ቴሌቪዥኑ ከሚነሣበት መሥሪያ ቤት በር ደረስን።

«ምን ጉዳይ ነው?» አለ ዘበኛው።

«የጠፋ ሰው ልንጠይቅ።»

«የት ነው ያለው?»

ዘይነባ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች።

«ሦስተኛ ፎቅ?»

«ኧረ ከፍ በል!»

ነገሩ ሲገባው «የመጣው ፊልም አልቋል፣ ሂዱ» አለን። ሳናውቅማ አንሄድም! ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፤ ንቅንቅ የለም። ዘበኛው ተንገሸገሸ። «እትዬ፣ ሰውየው ተዋናይ ነው! ቀን ይሠራል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል!»

ዘይነባ ብድግ አለች። «ቤቱ?»

«ቤቱ!»

እልልታዋን አቀለጠችው።

እሷ በጓን አረደች። እኔም እሁድ ጥላዬን ይዤ ቀራንዮ ሄድኩ። ስለት የሚቀበሉት ቄስ «ለማን የተሳልሽው ነው?» አሉኝ።

«ጠፍቶ ለነበረ ሰው።»

«ታዲያ ገባ?»

«እንዴታ አባቴ! ለካስ ማታ ማታ ይገባል!»

ጥላውን ተቀበሉኝና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀን እየጠፋ ማታ የሚገባ ከሆነማ ባልሽ ነው፣ ልጄ። ለእሱ ጥላ አይበቃም፤ ጠበል ውሰጂው።»