ለሳይንስ የሰጠሁት ግማሽ ፊት

አማርኛችን ፊትን እንደ ንብረት ነው የሚያየው። ይሰጡታል፣ ይነሱታል፣ ያዞሩታል፣ ሲከፋቸውም ያጠቁሩታል። ልጅ ሲባልግ «ፊት ሰጥታችሁት ነው» ይባላል። ፊት የነሱት ሰው ደግሞ ቂም ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ የፊትን ግማሽ ብቻ መስጠት ስለሚያመጣው ጣጣ ግን አንድም ተረት አልተረተም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ ሞኝ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ለአምስት ተደራጁ በተባለበት ዘመን ነው። እኔም በምሠራበት መዝገብ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር ተደራጅቼ፣ ያልተደራጀ ነገር ቢቀረኝ ፊቴ ብቻ ነበር። እሱንም የሟች ወንድሜ ልጅ ሜሮን አንድ ለሁለት ከፈለችው።

ሜሮን እኛ ጋ፣ ኮተቤ፣ ነው የምትኖረው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠና ነበር፤ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳለች። የመመረቂያ ሥራዋ የፊት ቅባት መሥራት ነው። ሰሙንና የሰሊጥ ዘይቱን ከሾላ ገበያ፣ ግሊሰሪኑን ከፋርማሲ ገዝታ ወጥ ቤታችን ውስጥ ስታሞቅና ስታማስል ትውላለች። እኔም አባወራ ነኝና ምን እየተሠራ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ዘይትና ውሃ እንደ ድንበርተኛ ጠበኞች እንደማይስማሙ፣ ስለዚህ በአንድ እጁ ውሃውን፣ በሌላ እጁ ዘይቱን የሚይዝ ሦስተኛ ነገር እንደሚያስፈልግ አስረዳችኝ። ስሙን በእንግሊዝኛ ጠራችው፤ እኔ ሽማግሌ ማለቷ ነው ብዬ ያዝኩት። እሱ ደካማ ከሆነ ቅባቱ ውሎ ሳያድር ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆኖ ይፋታል። ግሊሰሪኑ ውሃ እየጠራ ቆዳ ውስጥ ያቆያል፤ ሰሙ ደግሞ የገባው እንዳይወጣ በሩን ይዘጋል። የኛ ሰው ሰምን የሚያውቀው ወርቅ ሲደበቅበት ነው፤ ውሃም እንደሚደበቅበት ያን ዕለት ሰማሁ። ባለቤቴ ኬሚካል እንደሌለበት ለማረጋገጥ ብትጠይቃት፣ ልጅቱ ውሃም ኬሚካል ነው ብላ መለሰችላት። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ጆጉን በጥርጣሬ ነው የምታየው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቅባቱ እንደተጠናቀቀ የሚሞከርበት ፊት ተፈለገ። የቤታችን ሴቶች ፊት ብዙ ነገር የተቀባ ስለሆነ ለጥናት አይመችም ተባለ። የእኔ ግን ከሳሙና፣ ከቫዝሊንና ከንፋስ በቀር ምንም የማያውቅ፣ በሚገባ የተሸበሸበ ፊት ነው። ሜሮን እንዲህ ስትለኝ ሙገሳ መሰለኝና ተስማማሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ አይደለም? ወዲያው ደንቡ ተነገረኝ። ቀኝ ጉንጬ ጠዋትና ማታ ይቀባል፤ ግራውን ግን ምንም ነገር፣ ቫዝሊን እንኳ፣ እንዳይነካው። ያልተቀባ ጉንጭ ከሌለ፣ ለውጡን ያመጣው ቅባቱ ይሁን አየሩ በምን ይታወቃል? ማወዳደሪያ የሌለው ሳይንስ ወሬ ነው አለችኝ።

ቅባቱ ባይሠራ ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ መሥራቱ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ንፋስ ሲጀምር ቀኝ ጉንጬ ወዝ እያወጣ፣ መስመሩ እየጠፋ ሄደ። ግራው ደግሞ የለመደውን ቫዝሊን ተከልክሎ ነጣ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ከዕድሜውም አለፈ። ጠዋት ስላጭ መስታወቱ ውስጥ አባትና ልጅ አብረው የሚላጩ ይመስለኝ ነበር።

ይህም የቤት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የሜሮን ወንድም ዳዊት ሊያገባ ባይነሳ። የወደዳት ልጅ ትዕግሥት ትባላለች፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ከጥንት ጀምሮ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት። ዳዊት መጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቹን ከረባት አሳስሮ ሽማግሌ ናቸው ብሎ ላካቸው። አባቷ አቶ ደምሴ፣ ሽማግሌ እንጂ ጎረምሳ አልጠበቅኩም ብለው ከደጅ መለሷቸው። ዳግመኛ ሰው ከመጣም የሚናገረው ሰው ዕድሜ የጠገበ ይሁን፤ አለዚያ የልጄን ነገር እርሱት ብለው ቁርጡን ነገሩ። ዳዊት እህል አልቀምስ አለ። ትዕግሥት እየደወለች ታለቅሳለች። አባቱ በሕይወት የለምና ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ዘር ሽበት የለም። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ እንኳ ጠጉሬ ከሰል ነበር። ዕድሜዬን የሚመሰክሩልኝ ሁለቱ ጉንጮቼ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው ቃሉን ቀይሯል።

ሜሮንን ለመንኳት። ለጥቂት ሳምንት ተይውና ተመልሶ ይሸብሸብ አልኳት። እሷ ግን ገና የሚለካና ፎቶ የሚነሳ ነገር ይቀራታል።

«ጋሼ፣ አሁን ካቆምን እኮ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። ለአንድ ቀን ፊትዎን ትንሽ ዞር ቢያደርጉስ?»

ምን ይባላል? ፊት የሰጠኋት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ዘዴ ቀየስኩ። ሁለት ጎረቤቶቼን አስከትዬ እሄዳለሁ፤ ምን ቢመጣ ግራዬን እንጂ ቀኜን ለአቶ ደምሴ አላሳይም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በባሕር ዛፉ መሐል ዳገቱን ወጣን። ቤት እንደገባንም በደንቡ፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። እኔ ሳንቲም ላይ እንዳለው አንበሳ በአንድ ጎኔ ብቻ ነው የቆምኩት። እስከዚያ ድረስ ተሳክቶልኝ ነበር። ያጠፋኝ አክብሮታቸው ነው። አቶ ደምሴ እንሰማችኋለን ብለው ክንዴን ያዙና መሐል አስቀመጡኝ፤ እሳቸው በቀኜ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በግራዬ ሆኑ።

ጠላ ቀረበ። ወይዘሮ አስካለ «ይጠጡ እንጂ አባቴ» ይሉኛል። አቶ ደምሴ «ጠጣ እንጂ» ይሉኛል። በግራ በኩል ዳገቱ እንዳደከመኝ ይታዘንልኛል፤ በቀኝ በኩል የማን ልጅ እንደሆንኩ እጠየቃለሁ። አንዱን ሰው በአንድ ጊዜ አንተም እርስዎም ሲሉት መልሱን በየትኛው ድምፅ ይሰጣል? ጉሮሮዬን ጠርጌ ንግግሬን ልጀምር ስል፣ አቶ ደምሴ ቅድም ያዩት ሽማግሌ የዓይን ስህተት መስሏቸው፣ በእኔ ላይ አሻግረው ለባለቤታቸው አሁንም ልጅ ላኩብን አሉ። ወይዘሮ አስካለ ደነገጡ። ሰውየው የአንተ እኩያ ናቸው፣ እንዲያውም ሳይበልጡህ አይቀሩም፣ ዓይንህን ምን ነካው አሏቸው። ክርክሩ አፍንጫዬ ላይ ይመላለስ ጀመር። ጎረቤቶቼ በዚህ ሁሉ መሐል ጠላቸውን በጥሞና ይመለከቱ ነበር።

አቶ ደምሴ ወደ ምርመራ ገቡ። ጃንሆይ ሲወርዱ የት ነበርክ አሉኝ። ሥራ ይዤ ደመወዝ እበላ እንደነበር ነገርኳቸው፤ የዚያን ጊዜውን የዳቦ ዋጋም ጨመርኩላቸው።

«ይህንንማ አባትህም ሊነግርህ ይችላል» አሉ።

ምን ቀረኝ? ተነስቼ መስኮቱ አጠገብ ሄድኩና ሙሉ ፊቴን አሳየኋቸው።

 አቶ ደምሴ መጀመሪያ የጠየቁት፣ ነገሩ በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንደሆነ ነው። ልጁን ለሚድር አባት ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ፈራሁ፤ ዳዊት አሳዘነኝ፤ የልጁን ትዳር በገዛ ጉንጬ ማፍረሴ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ የምደብቀው ነገር አልነበረም። ሰሙን፣ ግሊሰሪኑን፣ የሜሮንን ምረቃ፣ የማወዳደሪያውን ነገር፣ የተከለከልኩትን ቫዝሊን ሳይቀር ዘረዘርኩ። አቶ ደምሴ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። ወይዘሮ አስካለ ቀኝ ጉንጬን ነካ አድርገው ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያም ባልና ሚስት ተያይዘው ጓዳ ገቡ፤ የተነጋገሩት አይሰማም፤ ቆዩ።

ሲመለሱ አቶ ደምሴ ቆመው ተናገሩ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። የሰጠሁት ግን ለግራው ሽማግሌ ነው። ቀኙ ገና ልጅ ስለሆነ፣ የሠርጉ ዕለት ከሚዜዎቹ ጋር ይቁም።»